ያልታየ ዙር

ተወለድኩ ስድስት ኪሎ፣
ተማርኩ አምስት ኪሎ፣
ሠራሁ፣ ጡረታ ወጣሁ አራት ኪሎ።
በስድሳ ዓመት ዕድሜ ምን ያህል ሄድሽ ቢሉኝ
ሁለት ኪሎ ነው መልሴ፣ እሱም ቁልቁለት ረድቶኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት ጓዳ
የሰው ፊደል ሳበጥር፣ የሰው ገጽ ሳጸዳ፣
ሃሌታውን ከሐመሩ፣ ንጉሡን ከእሳቱ ስለይ፣
ዓለም በመስኮት ስታልፍ፣ እኔ ከስሕተት ላይ።
ሲሸኙኝ አጨበጨቡ፤ ኬክም ነበር መሰለኝ፤
የግድግዳ ሰዓት ጠቅልለው ሰጡኝ።
ሸጥኩት።

አብዱልሰመድ፣ ፒያሳ፣ ሱቁ ሳይፈርስ በፊት፣
ከጣሪያው ያንጠለጠላት ሰማያዊ ብስክሌት።
"ለልጅዎ ነው?" አለኝ።
"ለኔ" ስል ፓምፑ ከእጁ አመለጠ።
አልሳቀም ግን። ኮርቻዋን ዝቅ አድርጎ አጠበቀ፣
"መጀመሪያ እግርዎ መሬት ይንካ፤
ከፍታው ይደርሳል ቀስ እያለ።"

ሦስቴ ወደቅኩ ማዘጋጃ ቤቱ በር።
በሦስተኛው አንድ ሊስትሮ እየሮጠ መጥቶ
ጉልበቴን በጫማ ብሩሽ አራገፈው፤
ቀለምም ሊቀባው ነበር።

"እማማ፣ ቤትዎ ይግቡ!" ይላል የታክሲ ረዳት
በሩ ላይ ተንጠልጥሎ። እሱም እንደኔ አየር ላይ ነው፤
እንጀራው ስለሆነ ነው እብደት ያላሉት።

አሥር ኪሎ ሜትር ሃያን ወለደ፣ ሃያው ሰባን።
ልጄ ቤዛዊት ደም ግፊቴን ለካች፣ ስኳሬን፣
"ሁለት መቶ? ወዴት ነው?" ብላ።
የትም። እዚሁ።
ከካዛንቺስ ተነሥቼ፣
መስቀል አደባባይን ጨርፌ፣ በለገሃር ታጥፌ፣
ቸርችልን ሽቅብ ገፍቼ፣
ፒያሳን፣ አራት ኪሎን አልፌ፤
ዙሩ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ከምናምን፤
ሃያ ሁለት ጊዜ።

ቅዳሜ ማታ፣ ሦስት ሰዓት።
የፎቁ ዘበኛ ኩምሳ ሊቆጥርልኝ ተስማማ፤
አንድ ዙር፣ አንድ ቆርኪ፣ ከካርቶን ወደ ጣሳ።
ባለፍኩ ቁጥር ቅጭል ትላለች፣
ከኋላዬ እንድትሰማ።

ቸርችል ዐረፍተ ነገር ነው፣ አራት ነጥብ የጠፋበት፤
ትንፋሼን እንደ ነጠላ ሠረዝ እየሰካሁበት
ስወጣ፣ ቀኝ ጉልበቴ ኅዳጉ ላይ
በቀይ ቀለም እርማት ይጽፍበታል።
አብዱልሰመድ የነበረበት አሁን ሣርና መብራት ነው።
በየዙሩ ደወሌን አንዴ እመታለሁ።

የመንገድ ጠራጊዎቹ በአንደኛው ዙር ሳቁ፤
በአራተኛው ዝም፤
በሰባተኛው መጥረጊያቸውን ተደግፈው ጠበቁ፤
በዐሥራ አንደኛው አንዷ፣ ስሟን እስካሁን አላውቅም፣
ግማሽ ፌስታል ቆሎ ኪሴ ከተተችልኝ።
"ምን ጠፍቶብሽ ነው?" አለችኝ።
እያላመጥኩ አለፍኩ። መልሱ አልመጣልኝ።

ነጋ። ሯጮች አደባባዩን ሞሉት፣
ነጠላ የለበሱ ከቅዳሴ ወጡ።
እግሬ የኔ መሆኑን ያቆመው ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ነው፤
እንደ ክፉ ተከራይ፣
ኪራይም አይከፍል፣ ቤቱንም አይለቅ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ካዛንቺስ ቆምኩ።
ተረኛው ቢመጣም ኩምሳ አልሄደም።
"ሃያ ሁለት!" አልኩ።
ጣሳውን ገልብጦ ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ።
"ሃያ አንድ።"
አቀረቀረ። "ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ሸለብ አርጎኝ ነበር፤
ያኔ አልፈው ይሆናል።
ግን ያላየሁትን እንዴት ልጣል፣ እትዬ?"

ልቆጣ ነበር።
ግን እኔም ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲሁ ነበርኩ፤
ደራሲ ቢለምነኝ፣ አለቃ ቢያስፈራራኝ፣
ያላነበብኩት ገጽ ላይ ፊርማዬን አላኖርኩ።

ውኃ ጠጣሁ። የተረፈውን ቆሎ ለሁለት ተካፈልን።
ኮርቻዋ ከፍ ካለች ቆይታለች፣
እግሬ መሬት አይነካም።
"ዐይንህን ግለጥ" አልኩት፣
"ቆርኪዋን በእጅህ ያዛት።
መጣሁ።"